በረሃ ላይ ስትገነባ ገንዘብህን መጀመሪያ ጣሪያው ላይ አውጣ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሞቃት በረሃ ላይ ቤት ልሠራ ነው። በሞቃቱ ወራት ቀን 42 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊት ወደ 24 ይወርዳል። አየሩ ደረቅ ነው። አንዱ የጭቃ ቤት ካልሆነ አትኖርበትም ይለኛል፤ ሌላው ብሎኬት ሠርተህ ትልልቅ መስኮት አውጣለት፣ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል ይላል። የቦታው ረጅሙ ጎን ወደ ምዕራብ፣ ወደ መንገዱ ነው የሚያየው። ገንዘቤ ውስን ነው። ግድግዳውን በምን ልሥራ? ያለ ኤሲ መኖርስ ይቻላል?»

ጥያቄህ ከግድግዳ ጀመረ። የብዙ ሰው ጥያቄ ከዚያው ነው የሚጀምረው፤ ግድግዳ ፊት ለፊት ይታያል፣ ብሎኬት ይቆጠራል፣ ዋጋው ይታወቃል። እኔ ግን ግድግዳውን ለጊዜው ተወውና ቀና በል እልሃለሁ። ገንዘብህ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ፣ ቀጥሎ ጥላ ላይ ይዋል። ጭቃ ወይስ ብሎኬት የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ነገሩ የፀሐይ አቅጣጫ ጉዳይ ነው። በሞቃቱ ወራት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 30ኛው ዲግሪ ላይ እንኳ ሰኔ ላይ ከአድማስ 83 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ ግድግዳውን ዳብሳው ነው የምታልፈው፣ ጣሪያውን ግን በቀጥታ ትመታዋለች። በጠራ ሰማይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1,000 ዋት ገደማ ይቀበላል። 100 ካሬ ጣሪያ ካለህ አናትህ ላይ 100 የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ደርድረህ እንደማብራት ቁጠረው። ሁሉም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ምን ያህሉ እንደሚገባ የሚወስነው አንተ የምትሠራው ጣሪያ ነው።

መከላከያ የሌለው የኮንክሪት ሶሌታ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣል፣ ማታ ልትተኛ ስትል ይተፋዋል። አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ላብ በላብ የምትሆነው ለዚህ ነው። እጅህን ወደ ኮርኒሱ ብታስጠጋ ሳትነካው ይሰማሃል። ቆርቆሮ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ያብረቀርቃልና ፀሐይን ይመልሳል ብለን እናስባለን። የተወሰነውን በርግጥ ይመልሳል፤ ግን የሚያብረቀርቅ ብረት የያዘውን ሙቀት በጨረር መልክ ወደ ሰማይ መልቀቅ አይችልበትም። ስለዚህ እየጋለ ይሄዳል፤ ትንሽ ሲያረጅ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ነጭ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ካልተቀባ ቆርቆሮ ይሻላል።

እንግዲህ የማደርገውን ልንገርህ። ሶሌታ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ጠንካራ ፎም ከላይ አነጥፋለሁ። ከላይ ነው ያልኩት፤ ኮርኒስ ውስጥ መደበቅ ሌላ ነገር ነው። ከላይ ሲሆን ኮንክሪቱ ራሱ ከፀሐይ ይድናል፣ ሌሊት ከቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ስታስገባበት ቅዝቃዜውን ይዞ ያድራል። 8 ሳንቲሜትር ፎም በባዶ ሶሌታ የሚያልፈውን ሙቀት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ያወርደዋል። ፎሙ ላይ መከላከያ ልስን፣ ልስኑ ላይ ነጭ ኖራ። አዲስ ነጭ ኖራ ከሚያርፍበት ፀሐይ 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ጥቁር ሬንጅ ግን ከ90 በመቶ በላይ ይውጣል። በረሃ ላይ አቧራ አለ፣ ነጩ ጣሪያ በጥቂት ወራት ቡና ዓይነት ይሆናል። በዓመት አንዴ ጥረገው፣ ኖራውን ደግመህ ቀባው። ኖራ ርካሽ ነው።

ፎም ካላገኘህ ወይም ካልፈለግህ ሁለተኛ ጣሪያ ሥራ። ከዋናው ጣሪያ 30 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቆርቆሮ፣ ሰሌን ወይም ሸምበቆ ይሁን፣ ጎኑ ክፍት ሆኖ አየር በመሃል ማለፍ አለበት። ዋናው ጣሪያ ፀሐይ አያየውም፣ አለቀ። ሶላር ፓኔል የምትሰቅል ከሆነ እሱም ጥላ ነውና ከጣሪያው አላቀህ ስቀለው። በነገራችን ላይ ፓኔል ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ኃይሉ በ0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 65 ዲግሪ የጋለ ፓኔል 15 በመቶ ያህል አጥቷል ማለት ነው። ከስሩ አየር ካለፈለት አንተም እሱም ትጠቀማላችሁ።

አሁን ወደ ምዕራቡ መንገድህ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የቤትህ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው። በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለ መስኮት በሞቃቱ ወራት ፀሐይ ከፍ ስለምትል ከግድግዳው ወጣ ያለ አጭር የጣሪያ ክዳን ይበቃዋል። የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ነው የምትመጣው፤ ክዳኑን አንድ ሜትር ብታወጣውም ከሥሩ ትገባለች። ከሁለቱ የምዕራቧ የባሰች ናት። የጠዋቷ የምትመጣው አየሩ ገና ቀዝቀዝ ሳለ ነው፣ የምዕራቧ ግን አየሩ በተቃጠለበት፣ ግድግዳው ሙቀት በጠገበበት ሰዓት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የሚያይ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ከ500 ዋት በላይ ያስገባል። ሳሎንህን ለመንገድ እይታ ብለህ ስድስት ካሬ መስታወት ብታደርግለት ከሦስት ኪሎዋት በላይ ሙቀት ጋበዝክ ማለት ነው። ከዚያ ኤሲ ገዝተህ ታባርረዋለህ።

ስለዚህ ቤቱ ለመንገዱ ጀርባውን ይስጥ። ምዕራብ በኩል መታጠቢያ ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ደረጃ ካለም ደረጃውን፣ መኪና ማቆሚያውን አድርግ። ማንም የማይተኛባቸው ክፍሎች ሙቀቱን ይቀበሉ። መኝታ ቤትና ሳሎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙሩ። የቤቱን ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማጋደም ነው ትክክለኛው፤ ቦታህ ረጅሙ ጎኑ ወደ ምዕራብ የሚያይ ቢሆንም ቤቱ የግድ የቦታውን ቅርጽ መከተል የለበትም። ሁለት ክንፍ አድርገህ በመሃል ጠባብ ግቢ ብትተው ሁለቱም ክንፍ የሚፈልገውን አቅጣጫ ያገኛል። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር የራቀ ሐረግ የለበሰ የሽቦ አጥር፣ ወይም ዛፍ፣ ወይም ቀላል የብሎኬት ወንፊት ቢቆም ግድግዳው ጥላ ውስጥ ይውላል።

ጥላ ከውጭ ነው የሚሆነው፣ ይህን ልብ በል። ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ፀሐይቱ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ ነው የሚያገኛት። መጋረጃው ይግላል፣ ሙቀቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። የእንጨት መዝጊያ፣ ሰሌን፣ ጠፍጣፋ ብረት፣ ምንም ይሁን ከመስታወቱ ውጭ አድርገው።

ትልልቅ መስኮት አውጣ ያለህ ሰው ምናልባት እርጥብና ሞቃት የባሕር ዳርቻ የኖረ ይሆናል። እዚያ ልክ ነው። እዚህ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መስኮት ከፍተህ የምታስገባው 42 ዲግሪ አየር ነው፤ ነፋሱ በገባ ቁጥር ቤቱን ያሞቀዋል። ሙቅ በረሃ ላይ ቤት የሚኖረው በሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ሁሉም ነገር ይዘጋል፤ መስኮት፣ መዝጊያ፣ በር። ቀኑን ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ታሳልፋለህ። ማታ የውጩ አየር ከውስጡ ሲቀዘቅዝ፣ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ፣ ሁሉንም ትከፍታለህ። ዝቅ ብሎ አንድ መስኮት፣ ከፍ ብሎ በተቃራኒው በኩል ሌላ መውጫ ካለ ሙቁ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ነፋስ ባይኖር እንኳ ይሠራል። ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ግዛ፣ አንዱን በጥላ ውጭ፣ ሌላውን ውስጥ ስቀል። መቼ እንደምትከፍት እነሱ ይነግሩሃል፤ በግምት ከከፈትክ ሁልጊዜ ቀድመህ ነው የምትከፍተው። የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊትና ሌባ የማያስገባ ፍርግርግ ከመጀመሪያው ፕላን ላይ ይግቡ። ሌሊት መስኮቱን ለመክፈት የሚፈራ ሰው ቤቱን ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ብዙ ጥሩ ዲዛይን የሚበላሸው በዚህች ነገር ነው።

እንግዲህ ጭቃ ወይስ ብሎኬት? ስለ ጭቃ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ጭቃ ሙቀት አይከለክልም። 5 ሳንቲሜትር ፎም የሚከለክለውን ያህል ለመከልከል ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ የጭቃ ግድግዳ ያስፈልጋል። የጭቃ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከባድ ነውና ሙቀቱን ያዘገየዋል። 40 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ያልተተኮሰ ጡብ ከቀኑ 10 ሰዓት ያረፈበትን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከ11 ወይም 12 ሰዓት በኋላ ነው፣ ማለትም ሊነጋ ሲል፣ መስኮቱ ተከፍቶ ቀዝቃዛ አየር በሚገባበት ሰዓት። መሃሉ ክፍት የሆነ 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ግን በ5 ሰዓት ገደማ ያሳልፈዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት! ልክ ልጆቹን ልታስተኛ ስትል።

ነገር ግን ጭቃ ቤት በራሱ አያቀዘቅዝም። የቀኑንና የሌሊቱን ሙቀት ያማክላል። ያንተ 42 እና 24 ሲማከል 33 ነው። ሌሊት ካልከፈትከው ወፍራም ጭቃ ቤትህ 33 ዲግሪ ላይ ይረጋጋል፣ ቀንም ሌሊትም። ሌሊት በደንብ ካስተነፈስከውና ጣሪያው ከተከለለ ቀን ቀን ውስጡ 30 ወይም 32 ቢሆን እንደ ጥሩ ውጤት ቁጠረው። ከዚህ በታች በነፃ ይወርዳል የሚልህ ሰው ሊሸጥልህ የሚፈልገው ነገር አለው።

የኔ ምርጫ ይህ ነው። አፈሩ ጥሩ ከሆነና ሠራተኛ ካለህ ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር የአፈር ጡብ፤ ካልሆነ መሃሉ የተሞላ ብሎኬት ከውጭ 5 ሳንቲሜትር ፎም ለብሶ፣ ፎሙ ላይ ልስንና ነጭ ቀለም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ ያነሰ ሙቀት ያሳልፋል፣ ክብደቱም ውስጥ ስለሆነ ቅዝቃዜ ይይዛል። የመጀመሪያው ደግሞ ለምድር ይሻላል። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል፤ አፈር ግን ከቦታህ ይወጣል፣ ቤቱ ሲፈርስም ወደ ቦታው ይመለሳል። ምዕራቡን ግድግዳ ብቻ ከአፈር ጡብ ሠርተህ ውጭውን በፎም ብታለብሰውም እኔ አልቃወምም። ቅይጥ ነውር አይደለም።

አፈርህን ለማወቅ ላቦራቶሪ ከመሄድህ በፊት ይህን ሞክር። ቀጥ ያለ ግልጽ ጠርሙስ ውሰድ። ከላይ ያለውን ሥር የበዛበት አፈር ገፍፈህ ከታች ካለው አንድ ሦስተኛውን ሙላ፣ ውሃ ጨምር፣ ቁንጥር ጨው ጣል አድርግበት፣ ሁለት ደቂቃ በደንብ ናጠውና ለአንድ ቀን ሳትነካው አስቀምጠው። አሸዋው በጥቂት ሰከንድ ይወርዳል፣ ደለሉ በላዩ ያርፋል፣ ሸክላው ከሁሉም በኋላ ቀጭን ለስላሳ ንብርብር ሆኖ ከላይ ይተኛል። ሸክላው ከጠቅላላው ከ15 እስከ 30 በመቶ ከሆነ ለጡብ ይሆናል። ከዚያ ከበለጠ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አሸዋ ቀላቅልበት፤ ካነሰ አይያያዝም፣ ጥቂት ሲሚንቶ ወይም ኖራ ይፈልጋል። ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ታዲያ ሲሚንቶ የገባበትን ጡብ በረሃ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው። ፕላስቲክ ሸፍነህ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥበቱን ጠብቅለት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውሃ ነው፣ በመድረቅ አይደለም፤ ጠዋት ተመቶ ማታ የደረቀ ጡብ ጥግ ጥጉ በጣትህ ይፈረፈራል። ኮንክሪትም እንዲሁ ነው፣ ማታ ማታ ሙላ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍን። የነፋስ ክምር የሆነውን የበረሃ አሸዋ ደግሞ ለኮንክሪት አትንካው፤ በጣም ደቃቅና ድቡልቡል ስለሆነ አይያያዝም።

በረሃ ላይ ዝናብ የለም ብለህ መሠረቱን እንዳትረሳው። ዝናቡ ጥቂት ነው፣ ሲመጣ ግን ባንድ ጊዜ ነው። በየመን ሺባም ያሉት ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ፎቆች አብዛኞቹ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢውን የመታው ደራሽ ጎርፍ ግን እነሱንም ጎድቷል። ደረቅ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ ዳሩም ቢሆን፣ አትገንባ። የጭቃ ግድግዳው ከመሬት ቢያንስ ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይነሳ፣ በድንጋዩና በጭቃው መካከልም እርጥበት የማያሳልፍ ንጣፍ ይግባ። በረሃ አፈር ጨው አለው፣ ጨዉ ከእርጥበቱ ጋር ወደ ላይ እየተሳበ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። የምትዘንበውን ጥቂት ዝናብም ያዛት፤ 100 ካሬ ጣሪያ ላይ በዓመት 100 ሚሊሜትር ብቻ ቢዘንብ እንኳ 8,000 ሊትር ያህል ታጠራቅማለህ።

ስለ ጥንታዊ ዘዴዎች ሰዎች ሊነግሩህ ይመጣሉ፣ በተለይ ስለ ነፋስ ማጥመጃ ማማ። የኢራኗ ያዝድ በእሱ ትታወቃለች፤ በዶውላታባድ የአትክልት ስፍራ ያለው ማማ 33 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ውብ ነገር ነው። ግን የሚሠራው ነፋስ የማያጣ ቦታ ላይ ነው፣ ከስሩም ብዙ ጊዜ ውሃ አለ፤ ቤቶቹም ወፋፍራም ናቸው፣ ግቢያቸው ጠባብ ነው፣ ማማው የአንድ ሙሉ ሥርዓት አንድ አካል ነው። ስስ ብሎኬት ቤት ላይ ማማ ብትተክልበት አቧራ ማስገቢያ ሠራህ ማለት ነው። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሉክሶር አጠገብ ኒው ጉርናን ሲሠራ የኑብያ ግንበኞች ያለ እንጨት ቅርጽ የሚያቆሙትን የጭቃ ቅስት ጣሪያ ነው የተጠቀመው። እንጨትና ብረት ውድ በሆነበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ የሚችል ግንበኛ ካገኘህ። ካላገኘህ በመኖሪያ ቤትህ ላይ አታለማምድ።

መሬት ስር መግባትም አለ። በአውስትራሊያ ኩበር ፒዲ ሰዎች ዐለት ፈልፍለው ይኖራሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ውስጡ ተመሳሳይ ነው። ይህ የሚጠቅመው ግን የቦታህ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ምቹ ከሆነ ነው፤ ጥልቅ አፈር የሚይዘው ያንን አማካይ ነውና። ቀዝቃዛ ወቅት የሌለው፣ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ 30 ዲግሪ የሆነ በረሃ ከሆነ ቆፍረህ የምታገኘው 30 ዲግሪ ነው። ቆፋሪ ከመቅጠርህ በፊት ይህን ቁጥር ከአየር ንብረት መረጃ ላይ እይ።

ያለ ኤሲ ይኖራል ወይ ላልከው፣ ባንተ ቁጥሮች አብዛኛውን ዓመት አዎ፤ በጣም በሚሞቁት ሳምንታት ግን ድጋፍ ትፈልጋለህ። መጀመሪያ የጣሪያ ማራገቢያ። ከ50 እስከ 75 ዋት ብቻ ይበላል፣ 31 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሦስት ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ያስመስለዋል። የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ክፍሉን አይደለምና ስትወጣ አጥፋው። አየሩ ከ35 ካለፈ ደግሞ ሙቅ አየር እያራገበብህ ስለሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ቀጥሎ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ፣ ማለትም አየሩን በእርጥብ ንጣፍ እያሳለፈ በሚተነው ውሃ የሚያቀዘቅዘው። ላንተ አየር ይህ ከኤሲ በፊት የሚመጣ ነው። 42 ዲግሪ በ15 በመቶ እርጥበት ሲሆን ጥሩ የውሃ ማቀዝቀዣ የሚያስገባውን አየር ወደ 26 ያወርደዋል፣ በማራገቢያና በትንሽ ፓምፕ ኃይል ብቻ። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ በረሃ ቢሆን፣ ለምሳሌ 35 ዲግሪ በ70 በመቶ እርጥበት፣ ይኸው መሣሪያ ከ31 በታች አያወርደውም፣ ያውም ልብስህ እስኪረጥብ እርጥበት ጨምሮ። ስለዚህ ጎረቤት ከተማ ሠርቶለታል ብለህ አትግዛ፣ እርጥበቱን ለካ። ውሃም ይጠጣል፤ አንድ ሊትር ሲተን የሚወስደው ሙቀት 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ካበራኸው ከ100 ሊትር በላይ ይሄዳል። ውሃው በቦቴ የሚመጣልህ ከሆነ ሒሳቡን ሥራ። ደግሞም ከሌላው ሁሉ በተቃራኒ እሱ ሲሠራ መስኮት ትንሽ መከፈት አለበት፣ አለበለዚያ እርጥበቱ ይታፈናል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ኤሲ ከፈለግህ ለአንድ መኝታ ቤት ብቻ፣ ኢንቨርተር ያለው (ሞተሩ እንደ ሙቀቱ ፍጥነቱን የሚቀያይር) ትንሹን ግዛ። ጣሪያው የተከለለ፣ መስኮቱ ጥላ ያለው 12 ካሬ ክፍል ትልቅ ማሽን አይፈልግም። 26 ላይ አድርገው፣ ማራገቢያውን ጨምርለት። የውጭ ሞተሩን ምዕራብ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅለው። ወደ ሰሜን፣ ጥላ ውስጥ፣ ሙቅ አየሩ ወደ መኝታ ቤት መስኮት የማይመለስበት ቦታ ይሁን፣ ምክንያቱም ሌሊት ያንን መስኮት ትከፍተዋለህ።